ንግግሩን ቀንሱ፣ ሌሊቱን ተዉልን

ይድረስ፦ የደራስያን ሥልጠና ለምታዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች፣ ማኅበራትና ገንዘብ ሰጪዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ አራት ሌሊት ስለ መጠየቅ

በመጀመሪያ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እንጀራችሁን በልቻለሁ። አልጋችሁ ላይ አራት ሌሊት ተኝቻለሁ። በውሎ አበሉ ለልጄ ጫማ ገዝቻለሁ። የሰው ግብዣ በልቶ ከኋላ ማማት ነውር ስለሆነ፣ የታዘብኩትን ፊት ለፊት ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን የሰው ብር እቆጥራለሁ፣ ማታ አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ማታ ስል ልጄ ከተኛ፣ ሳህኑ ከታጠበ፣ የነገ ምሳ ዕቃ ከተዘጋጀ በኋላ ማለቴ ነው። ብዙውን ጊዜ ወጥ ቤት ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፈው። አንዱ ታሪክ አራት ዓመት ይዞኛል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከተማው ሞልቷል።

ባለፈው ጥቅምት ሱሉልታ ላይ በተደረገ የአምስት ቀን የደራስያን ሥልጠና ተሳትፌ ነበር። 24 ነበርን። ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ብጠራውም የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ የሄዱ ጓደኞቼ የሚነግሩኝም ይኸንኑ ነው። ደብዳቤዬ ለሁላችሁም ነው።

ከጥሪው ልጀምር። ማስታወቂያው በቴሌግራም ሲዞር ደረሰኝ። የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። የጻፍነውን የጠየቀን የለም። አንዲት ገጽ እንኳ። አለቃዬ ደብዳቤውን የፈረመልኝ "ሥልጠና" የሚለውን ቃል አይቶ የሒሳብ ሶፍትዌር መስሎት ነው። እኔም አላረምኩትም። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ በመጀመሪያው ምሳ ላይ "እኔ ጽፌ አላውቅም፣ የክፍላችን ኮታ እንዳይቃጠል ነው የመጣሁት" ብሎ አረፈው። ደግ ሰው ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ማኪያቶ ሲጋብዘን ሰነበተ። ግን አንድ አልጋ ይዞ ነበር።

ሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሱሪ ላሳጥር ስሄድ ደብተሩን አውጥቶ ያነብልኛል። ስለ ደንበኞቹ ወገብ ይጽፋል። ሰው ሲከሳና ሲወፍር፣ ሲያገባና ሲፈታ፣ ቀበቶው ላይ ያነበበውን። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አንብቤ አላውቅም። ጥሪውን ላክሁለት። "የድጋፍ ደብዳቤ ከማን ላምጣ? ሲንጀሩ ይፈርምልኝ?" አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን አላሳቀኝም።

ለማንኛውም እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ልጄን ያዘችልኝና ሰኞ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ሲያልቅ፣ ባሕር ዛፉ ሲሳሳና ሜዳው ሲከፈት ብርዱ በመስኮት ገባ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ጋቢ የያዘ ብልህ ተባለ። ያልያዘ የአልጋውን ብርድ ልብስ ገፎ፣ ተከናንቦ ለእራት መጣ።

መክፈቻው ለ2:30 ተቀጥሮ ነበር። የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ላይ ደረሱ። እስከዚያ ባነሩን ስናይ ቆየን። ባነሩ ላይ "ደራስያን" የሚለው ቃል "ደራሲያያን" ተብሎ ታትሟል። 24 ሰው አይቶታል፤ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ንግግር። ከዚያ የሌላ ሰው ንግግር። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ምሳ። ከምሳ በኋላ ፕሮጀክተሩ በራና የመጀመሪያው ስላይድ መጣ፦ "ሥነ ጽሑፍ ምንድን ነው?" ቀጠለ፦ የልብ ወለድ አላባውያን። ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ አንጻር። ይኼን ሁላችንም ሁለተኛ ደረጃ ተምረን፣ ተፈትነን፣ ረስተነዋል። መምህሩ የሚያውቁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። የተሰጣቸው ርእስ ነው፣ የተሰጣቸው ሰዓት ነው። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ ስለ ምልልስ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። በአምስት ደቂቃ የነገሩኝ ከሦስት ሰዓቱ ስላይድ ይበልጣል።

በማግስቱ ማለዳ መስኮት ስከፍት አትሌቶች በጭጋጉ ውስጥ ሲያልፉ አየሁ። ሱሉልታ የሯጭ አገር ነው። አንድ ክፍል የደረሰችኝ ልጅ ነርስ ናት፣ ግጥምም ልብ ወለድም ትጽፋለች። ጋቢዋን ተጠቅልላ አጠገቤ ቆመች። "እነዚህ ይሮጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ተነስተው ደግሞ ይሮጣሉ" አለች። "'ሩጫ ምንድን ነው' ብሎ ስላይድ የሚከፍትባቸው የለም።"

ነገሩ ይኸው ነው። ብሔራዊ ቡድን ውድድር ሲደርስ ሆቴል ይገባል። ማንም "ቤታቸው ሆነው አይሮጡም ወይ?" አይልም። ሁሉም ሰው ይገባዋል። ከቤት፣ ከልጅ፣ ከለቅሶ፣ ከዕድር፣ ከታክሲ ሰልፍ ወጥተው አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠሩ ነው። ደራሲን አዳሪ አድርጋችሁ ስትጠሩም ምክንያቱ ያው መሆን አለበት። ንግግሩን ለመስማት ቢሆንማ አራት ኪሎ አንድ አዳራሽ ይበቃል፤ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የአልጋ ገንዘብ የምታወጡት ለሌሊቱ ነው። ሌሊቱን ግን ፕሮግራሙ ውስጥ አላስገባችሁትም።

ሌሊቱ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ማታ 1:30 ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለወጥ ቤቱ ብቻ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሻማ አብርተን፣ አንድ ከሰል ምድጃ መሐል አስቀምጠን አምስት ስድስት ሰው ተረፍን። ሌላው ተኛ። ከተረፍነው አንዱ ጎጃም የአማርኛ መምህር የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። እንደ ቀልድ "የኔታ" አልናቸው፣ ስሙ ጸናባቸው። ቀን አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ያልተናገሩ ሰውዬ ያን ማታ አፋቸው ተፈታ።

"እኛ'ኮ እንዲህ ያለ ሥልጠና ገብተን ነበር" አሉ። "ውሎ አበሉ ግን የለም። እንዲያውም ለምነን ነው የምንበላው።"

ከዚያ ነገሩን። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ በየደጁ መዞር። የመንደሩን ውሻ በስሙ ማወቅ። የቅኔ መምህራቸው፣ የዚያን ዘመኑ የኔታ ቤት ዙሪያ በገዛ እጅ የተሠሩ ትንንሽ ጎጆዎች። ማታ የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ይሰማል። ከዚያ ለቆጠራ ወደ ጫካው ይበተናል። ቆጠራ ሲባል ቁጥር መቁጠር እንዳይመስላችሁ፤ ቅኔውን በልብ ማበጀት ነው። ወረቀት የለም። አንዱ ዛፍ ሥር ተጠቅልሎ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ከራሱ ጋር እየተጣላ ይውላል። ሲመለስ በየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ጓደኞቹ ይሰማሉ። የኔታ ያርማሉ፦ ይቺ አልገጠመችም፣ ይቺ ሙያዋ ጎደለ፣ ሰሙ አለ ወርቁ የት ሄደ? የተሰበረው ሄዶ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና። ወራት ቆይቶ ሦስት ቤት። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ላይ ይደርሳል። ዓመታት ነው።

እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሰዓቱን ነበር ልቤ ውስጥ የምደምረው። ከአንድ ቀን ውስጥ የኔታ የሚናገሩት ጥቂቱን ነው። የቀረው ለተማሪው የተተወ ነው፦ ብቻውን የሚሆንበት፣ ከዚያ ሰው ፊት የሚቆምበት። የእኛ ፕሮግራም ተገልብጧል። ከጠዋት 2:30 እስከ ማታ 11:30 ሌላ ሰው ይናገራል፣ እኛ እንሰማለን። የምንጽፍበት አንድ ሰዓት የለውም። በአምስት ቀን ውስጥ! የደራስያን ሥልጠና ላይ!

ያንን ቤት ላሞካሸው አይደለም። የእኛው የኔታ ራሳቸው ረሃቡንና እከኩን ሲያወሩ አላሳመሩትም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት የታዩበት ዓለም ቢሆንም፣ እኔን መሰል ሴት በዚያ ዘመን ብትወለድ አኩፋዳ ይዛ ዋሸራ አትወርድም ነበር። ግን "ደራሲ ይወለዳል እንጂ አይሠለጥንም" የሚለኝን ሰው አሁን ምን ብዬ እንደምመልስለት አውቃለሁ። አያቶቻችን ባለቅኔን ሰብስበው፣ አሳድረው፣ በየቀኑ እያረሙ ነው ያወጡት። የቅኔ ቤቱን ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዋድላ እያልን የምንጠራው ሌላ ምን ሆኖ ነው?

ሁለተኛው ማታ ተራው የእኔ ሆነ። ሕጉን ያወጣችው ነርሷ ናት፦ ሰው ሁሉ ገጾቹን ቀድሞ ያነባል፣ ስለ ጽሑፉ ሲወራ የጻፈው ሰው አይናገርም። "መጽሐፉ ገበያ ሲወጣ አንቺ ከእያንዳንዱ አንባቢ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አታብራሪም" አለችኝ። በሻይ ሰዓት ከተማ ወርደን ፎቶ ኮፒ ቤት ፈልገን ነበር። መብራት የለም። ስለዚህ በነበረኝ ሁለት ቅጂ አምስት ሰው እየተቀባበለ አነበበ።

ታሪኬ ስለ አንዲት እናት ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። አረብ አገር ያለች ልጃቸውን ይጠብቃሉ። አራት ዓመት ስጽፈው ያለቅስልኛል ብዬ ያሰብኩት አንባቢ ሳያለቅስ አነበበው።

መጀመሪያ የተናገረው አንድ ትምህርት ቤት በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ገጣሚ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን ያገኘው በሦስተኛው ልመና ነው። ወረቀቱን አገላብጦ "እኚህ እናት ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው?" አለ።

ዝም። መናገር አይፈቀድልኝም።

"ቡና ያፈላሉ። ልብስ ያጥባሉ። እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፋሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ? በአዛውንት ጉልበት? ጀሪካኑን የሚያወጣላቸው ማን ነው?"

ፊቴ ጋለ። እኔ'ኮ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ በርሜል የምሞላ ሰው ነኝ። ወገቤ የሚያውቀውን ነገር ብዕሬ አያውቀውም። አራት ዓመት ሙሉ እኚያ ሴትዮ ቤት ውኃ ዝም ብሎ ይፈስ ነበር። ነርሷ ቀጠለች። "ሦስት ቦታ 'እጅግ አዘኑ' ብለሻል። እኔ ያዘነ ሰው በየቀኑ አያለሁ። የመድኃኒት ማዘዣውን ደጋግሞ ያጣጥፋል እንጂ እጅግ ሲያዝን አላየሁም።" የኔታ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡና "ይቺን አንሺያት፤ አንቺ ነሽ የምትናገሪው፣ እሳቸው አይደሉም" አሉ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ተናድጄ ነው በመጀመሪያ። ወደ 8 ሰዓት ገደማ ንዴቱ ለቀቀኝና ጀሪካኑን የሚያወጣው ልጅ መጣልኝ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረምሳ። በነጻ አያወጣም፤ በእያንዳንዱ ጀሪካን እናትየው ለልጃቸው የሚላክ ደብዳቤ ያጽፉታል። የውኃ ቀን ሲመጣ የደብዳቤ ቀን መጣ ማለት ነው። ታሪኩ አለቀ አልላችሁም፣ እስካሁንም አላለቀም። ግን አራት ዓመት ቆሞ የነበረው ነገር ፈቀቅ አለ። ስልኬ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ፣ ወጥ ቤት ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ "እማዬ ውኃ" የሚለኝ ሳይኖር እስኪነጋ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ማታ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ የአካባቢው ልጅ ተራ ነበር። መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ አነበበልን፣ ድምፁን እንድንሰማ። ከዚያ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነገረን። "ሰፉ" የምትለው ቃል ላይ ስንደርስ ቆምን። የኔታ "ነውር" አሉ። ነርሷ "ይሉኝታ" አለች። ጥበቃው "ወግ" አለ። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ "ከፊሉን ነው" አለ። ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ እንዳለች ትቀመጥ ተባለ። እኔ ከዚያ ክርክር በኋላ "ይሉኝታ" የሚለውን የራሴን ቃል እንደ ድሮው አቅልዬ አልጽፈውም።

ያን ክርክር ግን የጨረስነው ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ በስልክ ባትሪ ነው። ምግብ ቤቱ 3 ሰዓት ላይ ተቆለፈብን። አዳራሹ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ዝግ ነው። ጠባቂው "ትእዛዝ ነው" አሉን፣ እውነታቸውን ነው። የራሳቸውን ጋቢ ግን አውጥተው ሰጡን። ሐሙስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ለአበል ፊርማ ዋለ። ስም የተሳሳተበት ነበረ፣ መታወቂያ ያልያዘ ነበረ፣ የትራንስፖርቱ ሒሳብ አነሰ የሚል ነበረ። በሙያዬ ልንገራችሁ፤ ያን ሥራ አንድ ሰው በላፕቶፕ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ይኼ ነገር በሌላ አገርም ያለ ነውና ጥቂት ላንሳ። አሜሪካ ቬርሞንት በተባለ ክፍለ ግዛት፣ ተራራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የሚካሄድ የደራስያን ጉባኤ አለ። ብሬድ ሎፍ ይባላል። ስሙ የተራራው ስም ነው፣ ወደኛ ሲመለስ ሙልሙል እንደ ማለት ነው። የሚካሄደውም በኛ ቡሄ ሰሞን መሆኑ ያስቀኛል። አሥር ቀን ገደማ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው አንዱ የአንዱን ረቂቅ ይተቻል። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ ደራስያንን እየጠራ ለሳምንታት ያኖራል። የኛው ዳኛቸው ወርቁ፣ የ"አደፍርስ" ደራሲ፣ አዮዋ ሄዶ ነበር።

ለእኔ የሚቀርበኝ ግን ካምፓላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚያ ባለው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን ተሰብስበው ነበር። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያኔ ገና የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ረቂቁን ይዞ ሄዶ ለናይጄሪያዊው ደራሲ ለቺኑዋ አቼቤ አሳየ። አቼቤ አነበበለት። እ.ኤ.አ. በ1964 የንጉጊ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ታትሞ ወጣ። ያ ስብሰባ ላይ ብዙ ወረቀት ቀርቧል፣ ብዙ ክርክር ተደርጓል። እኔ ግን የማስበው ረቂቅ ታቅፎ የአንድ ታላቅ ሰው በር ያንኳኳውን ተማሪ ነው። የአንኳኪውና የባለቤቱ መኝታ አንድ ግቢ ውስጥ ባይሆን ኖሮስ?

እንግዲህ የምለምነው ይኼን ነው።

ሰው ስትመርጡ ገጹን እዩ። አሥር ገጽ ጠይቁ፣ ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡት። የድጋፍ ደብዳቤውን ተዉት። ልብስ ሰፊው ይምጣ። ከመጣንም በኋላ አሥራ ሁለት ብንሆን ይሻላል፤ 24 ሰው ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል፣ አንዱ የሌላውን ለማንበብ ግን አይበቃም። የአሥራ ሁለቱን ሰው ትርፍ ገንዘብ ሁለት ልምድ ያላቸው አርታኢዎችን አራቱንም ሌሊት አሳድሩበት። መጥተው ንግግር አድርገው ከምሳ በኋላ በመኪና የሚመለሱ አይሁኑ። አብረውን ይደሩ፤ እራት ላይ ሽሮ እየጠቀለልን "ያቺ ምዕራፍ እኮ" የምንላቸው ሰዎች ይሁኑ።

ጠዋቱን ለጽሕፈት ተዉልን። ማንም አይናገር። ከሰዓት በኋላ አንድ ትምህርት ይበቃል፤ እሱም "ምንድን ነው?" የሚል ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ይሁን። ያን ደግ መምህር ስለ ምልልስ የነገሩኝን አምስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት አድርጋችሁ ስጧቸው። ማታ አንድ ክፍል፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ደስጣ ወረቀት። ቁልፉን ለእኛ። ባነር የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ አሳትማችሁ በየዓመቱ ስቀሉት፣ ፊደሉን ግን አሳዩን፤ በነጻ እናርማለን።

ልጅ ያላትን ሴት አስቡ። እኔ እናት ስላለችኝ መጣሁ። አንዲት ጓደኛዬ ተመርጣ ሳለ ቀረች፣ ሕፃኗ ገና ስምንት ወሩ ነው። አንድ ተጨማሪ አልጋ ለሞግዚት ወይም ለእህት መስጠት የክብር እንግዳውን ስጦታ ያህል እንኳ አያስወጣም። የተሰጣቸውን ጥበብ ቀሚስና ፎቶ ፍሬም አይቻለሁ፤ ዋጋውን መገመት አይከብደኝም።

አበሉን አታንሱት። "ለጥበብ የመጣ ሰው አበል አይጠይቅም" የሚሉ አሉ። ጥበቃው አምስት ቀን የቀረው ደመወዙ እየተቆረጠ ነው። አንሡ የምለው የፊርማውን ሰልፍ ነው።

ሰርተፊኬቱንም ብትፈልጉ ስጡን። የእኔው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ከዚያ ሥልጠና የተረፈኝ ሌላ ነገር ነው። አምስታችን እስካሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ እንገናኛለን። የኔታ ከጎጃም በስልክ ይገባሉ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ "ተመለስ" እንላለን። ሱሉልታው ልጅ ወደ እኛ ይወርዳል ወይ እኛ ወደሱ እንወጣለን። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀኑን እናዛውራለን። ሁለቴ ተጣልተናል፣ አንዴ በጽሑፍ፣ አንዴ በቡና ገንዘብ። ጥበቃው ሁለት ወር ቀርቶ ነበር፣ አሁን ተመልሷል። ልብስ ሰፊውን እኔ አመጣሁት። ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ሙሽራ ሱፍ አነበበልን። ሙሽራው ሱፉን ሳይወስድ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የኔታ በስልክ "እስቲ ድገማት" አሉት።

የዘንድሮው ጥሪ መቼ እንደሚወጣ አላውቅም። ሲወጣ እኔ አላመለክትም፣ የእኔን አልጋ ለሱ ያዙለት። መታወቂያ አለው። የድጋፍ ደብዳቤ የለውም።

ከሰላምታ ጋር

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከየካ አባዶ

ግልባጭ፦
ለእናቴ፣ ደብረ ብርሃን (በጥቅምት እንደገና እንድትመጣ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የጓደኛዬ ልጅ ነው)
ለአለቃዬ (የሒሳብ ሶፍትዌር አልነበረም፣ ይቅርታ)
ሱሉልታ ላሉት ጠባቂ (ጋቢዎ እኔ ጋ ነው፣ ታጥቧል፣ አመጣዋለሁ)